«ጥሩ ሳይኮሎጂስት ታውቃለህ?» ለሚባል ሰው፦ ጠያቂና ባለሙያን የማገናኘት መመሪያ

በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሲጨንቀው ደውሎ «ጥሩ ሳይኮሎጂስት ታውቃለህ?» የሚለው ሰው። ምናልባት ጤና ሙያ ውስጥ ስላለ ነው። ምናልባት እሱ ራሱ ቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ ሕክምና) ሄዶ ስለማያፍርበት ነው። ወይም ምስጢር ስለሚጠብቅ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ለእሱና ለእሷ የተጻፈ ነው። ለራሳችሁ የምትፈልጉም ከሆነ ይሠራል፤ ጥያቄዎቹን ራሳችሁን ጠይቁ።

አብዛኞቻችን ጥያቄው ሲመጣ ስልካችን ውስጥ ያለውን አንድ ስም ልከን እንገላገላለን። ባለሙያው እህታችንን ረድቷታል፤ በቃ ጥሩ ነው። ግን ለሁሉም ሰው የሚሆን «ጥሩ ሳይኮሎጂስት» የለም። ልጁን በሞት ላጣ አባት የተስማማው ባለሙያ፣ ጫት ማቆም ላቃተው ወጣት ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ስም ከመስጠት በፊት ነው።

1. አደጋ መኖሩን አጣሩ

«ቴራፒስት ፈልግልኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ ቀጠሮ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ከሁሉ በፊት በቀጥታ ጠይቁት። «በዚህ ሰሞን መኖር አስጠልቶህ፣ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» እንዲህ ብሎ መጠየቅ የሌለ ሐሳብ በሰው ውስጥ አይተክልም። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ያገኘ ሰው እፎይ ይላል።

መልሱ «አዎ» ከሆነና እንዴት፣ መቼ እስከሚለው ድረስ ካሰበ ብቻውን አትተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። አዲስ አበባ ከሆነ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሌላ ቦታ ከሆነ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ ላለ ሰው 988፣ እንግሊዝ ላለ 116 123፣ እስራኤል ላለ 1201 ይደወላል።

ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት አለማለቅ፣ ከወሊድ በኋላ የመጣ መደናገርና ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ፣ እነዚህም ለቴራፒ ቀጠሮ የሚተዉ አይደሉም። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

2. ፍላጎቱን ስሙ፣ ታሪኩን ለባለሙያው ተዉለት

እዚህ ላይ የሚያገናኝ ሰው ይሳሳታል። ታሪኩን ሁሉ ያወጣጣል፤ ሁለት ሰዓት ያዳምጣል፤ ይመክራል። ጠያቂውም ተንፈስ ይልና ቀጠሮ መያዙን ይተወዋል። ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ርኅራኄ አይከፋም፤ ግን የእናንተ ድርሻ አጭር ነው። የሚከተሉትን ብቻ ጠይቁ።

ምንድን ነው ያስቸገረህ? ከመቼ ጀምሮ? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ከፍቺው በኋላ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ ከመለሰ በቂ ነው።

ሥራህን፣ እንቅልፍህን፣ ምግብህን ምን አደረገብህ? ይህ ክብደቱን ያሳያችኋል። እኛ አገር ብዙ ሰው «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ አይመጣም። «ጨጓራዬ»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ብሎ ነው የሚመጣው። ብዙ ሐኪም ቤት ዞሮ «ምንም የለብህም» ተብሎ የተመለሰም አለ። በተቃራኒው አንድም ምርመራ ያላደረገ ካለ መጀመሪያ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ይየው። የእንቅርት ዕጢ ችግርና የደም ማነስ ድባቴንና ጭንቀትን ሊመስሉ ይችላሉ።

ከዚህ በፊት ባለሙያ ጋ ሄደህ ታውቃለህ? ምኑ አልተስማማህም? እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ጥያቄ ነው። «ዝም ብሎ ያየኛል፣ ምንም አይልም» ያለ ሰው የሚፈልገው ጥያቄ የሚያነሣ፣ የቤት ሥራ የሚሰጥ ባለሙያ ነው። «ገና ሳልጨርስ ይመክረኛል» ያለ ደግሞ የሚያዳምጥ ሰው ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ማን ጋ መነጋገር እንደማይችል ጠይቁ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት። ወደዚህ ተመልሰን ረዘም አድርገን እናየዋለን። በመጨረሻም በወር ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል፣ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመቸው፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳያውቅበት እንደሚፈልግ ጠይቁ።

ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ በቴሌግራም ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። መጠይቁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ስሜት የሚጠይቅ ሲሆን፣ አማርኛው አዲስ አበባ በሚገኝ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ በጥናት ተፈትሿል። ከ27 ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው። እናንተ ግን ነጥብ ደምራችሁ «ድባቴ አለብህ» አትበሉ። ጠያቂው ራሱ ሞልቶ ለባለሙያው ይዞ ይሂድ።

3. የትኛው ሙያ እንደሚያስፈልገው ለዩ

በአፋችን ሁሉም «ሳይኮሎጂስት» ነው። በሥራ ግን ይለያያሉ።

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። ይመረምራል፤ መድኃኒት ያዛል። በመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከእሱ ጋ የሚኖረው ጊዜ አጭር ነው። አገር ውስጥ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር። ዛሬም ቁጥራቸው ለሕዝቡ እጅግ ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹም ከተማ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሳይካትሪስቱን ለሚያስፈልገው ሰው ቆጥቡት። ከባድ ድባቴ፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ ከእውነታ መራቅ፣ ከባድ ሱስ እና በንግግር ብቻ ያልተሻለ ጭንቀት የእሱ ናቸው።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ተምሮ በንግግር የሚያክም ነው። መድኃኒት አያዝም። ካውንስለር ወይም አማካሪ የሚባለው ደግሞ በትዳር፣ በሐዘን፣ በሥራና በትምህርት ጉዳይ ይረዳል፤ የሥልጠናው ጥልቀት ግን ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ መጠየቅ አለበት። ሶሻል ወርከሮችና የአእምሮ ጤና ነርሶችም አሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት የአእምሮ ጤና ነርሱን ነው። እሱን አትናቁት። መድኃኒት የሚያስፈልገውን ለይቶ ሪፈር የሚጽፈው እሱ ነው።

ላይፍ ኮች፣ አነቃቂ ተናጋሪ፣ ቲክቶክ ላይ ስለ «ናርሲሲስት ባል» የሚያብራራ ሰው ከእነዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንዳንዱ ተምሯል፤ አንዳንዱ አልተማረም። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ጥሩ ተናጋሪ መሆኑን እናውቃለን። ቴራፒ ውስጥ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ታካሚው ነው።

ችግሩ ተለይቶ ከታወቀ ደግሞ ለዚያ የሠለጠነ ሰው ፈልጉ። ድንገት ልብ የሚመታበት፣ «ልሞት ነው» የሚያሰኝ ፍርሃት ላለበት ሰው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ድርጊትን በመቀየር ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና) የሚሠራ ይሻላል። ይህ ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ የሚሄድ ነው። እጁን ደጋግሞ ለሚታጠብ፣ በሩን መቆለፉን አሥር ጊዜ ለሚያይ ሰው፣ ቀስ በቀስ ከሚፈራው ነገር ጋር የሚያጋፍጠው ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። «ዘና በል» የሚለው ባለሙያ አይጠቅመውም። በጦርነት፣ በመደፈር፣ በስደት መንገድ ያለፈ ሰው የአእምሮ ጠባሳ ሕክምና የተማረ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም ዘርዝርልኝ» የሚል ባለሙያ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይሆንም። ልጁ አፍ መፍታት ዘግይቶበት ኦቲዝም የሚጠረጥር ወላጅ የሚሄደው የልጆች ባለሙያ ጋ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ኦቲዝም ማዕከል በዚህ ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቷል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ባሏ የሚደበድባት ሴት «የትዳር ምክር» ብትላችሁ ሁለቱን አብራችሁ ካውንስለር ጋ አትላኩ። እሱ ባለበት ክፍል እውነቱን ብትናገር ማታ ቤት የምትከፍለው እሷ ናት። ለብቻዋ የሚያያት ባለሙያ ፈልጉላት። መጠለያ ካስፈለገ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር፣ የሕግ ምክር ካስፈለገ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አሉ።

4. «ሀበሻ ይሁን»፣ «ሀበሻ አይሁን»

ውጭ አገር ያለ ሰው በአንድ ስልክ ላይ ሁለቱንም ይላችኋል። ሀበሻ ይሁን፤ ምክንያቱም እናቴን ለፈረንጅ ማስረዳት አልችልም። ሀበሻ አይሁን፤ ምክንያቱም ነገ ቤተ ክርስቲያን እናገኘዋለን። ሁለቱም ትክክል ነው። አትሳቁበት፤ የትኛው እንደሚያይል ጠይቁት።

በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ለዚህ ይጠቅማል። ሰዎች ከራሳቸው ዘር የሆነ ቴራፒስት በግልጽ ይመርጣሉ። የሕክምናው ውጤት ላይ ግን ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኝቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው ምርጫውን ማክበር እንዳለብን ነው፤ ምርጫው ባይሳካ ግን ሁሉም ነገር ቀርቷል ማለት አይደለም። ቋንቋ ከዚህ ይለያል። በእንግሊዝኛ ሥራ የሚሠራ ሰው በእንግሊዝኛ ማልቀስ ላይችል ይችላል። ስለዚህ «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሲከፋህ በምን ቋንቋ ነው የምታወራው?» በሉት።

አገር ውስጥም ጉዳዩ አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ መታከም የሚፈልግ ብዙ ነው። በጦርነቱ ዘመዱን ያጣ ሰው ስለ ባለሙያው ብሔር ቢጠይቃችሁ ዘረኛ አትበሉት። ደኅንነት የሚሰማውን ሰው እየፈለገ ነው። ከባለሙያው ጋ ስትነጋገሩም ብሔሩን አትጠይቁ፤ የሚሠራባቸውን ቋንቋዎች ጠይቁ።

ሃይማኖት ላይ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ያስቸግራል። አንዱ ጠበልና ጸሎትን የሚያጣጥል ነው። ሌላው በሕክምና ሰዓት የሚሰብክ ነው። ጠያቂያችሁ ጠበል የሚሄድ ከሆነ፣ ሩቅያ (በቁርኣን ንባብ የሚደረግ ፈውስ) የሚያስቀራ ከሆነ፣ ፓስተሩ የሚጸልይለት ከሆነ፣ ባለሙያው ይህን ሳይነካ የሚሠራ መሆኑን አጣሩ። እንጦጦ ማርያም ላይ የጠበሉ አገልጋዮችና ሳይካትሪስቶች ተባብረው የሠሩበት ልምድ አለ፤ መድኃኒቱም ጠበሉም አብሮ መሄድ እንደሚችል ያየንበት ነው። የሚያስፈራው «ጠበል ስትጀምር መድኃኒቱን ጣል» መባሉ ነው። መድኃኒት በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለጠያቂው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጾታን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም። ሴት እፈልጋለሁ ካለች ሴት ፈልጉላት።

ዕድሜ ግን ይከብዳል። የ60 ዓመት አባት የ28 ዓመት ልጅ ፊት ስለ ትዳራቸው ማውራት ይጨንቃቸዋል። ወጣቱ ባለሙያ «አንተ» ካላቸው ደግሞ የመጀመሪያው ቀጠሮ የመጨረሻው ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሰው ዕድሜው ገፋ ያለ ባለሙያ ካልተገኘ፣ ቢያንስ «እርስዎ» የሚል፣ አክብሮ የሚይዝ መሆኑን እወቁ።

5. ገንዘብ፣ ሰዓት፣ ቦታ

የግል ማዕከል ዋጋ በክፍለ ጊዜ ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ዋጋውን በአራት አባዙት፤ የወሩ ወጪ እሱ ነው። ጠያቂው ያን ካልቻለ በሁለት ሳምንት አንዴ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ወይም ወደ መንግሥት ሆስፒታል ዞሩ። አማኑኤል፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና ጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ካርድ ለማውጣት በጠዋት መሄድ ያስፈልጋል። «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ እንደ ስድብ ስለሚነገር ብዙ ሰው ይሸሸዋል። ያን ጊዜ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ያለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሻላል፤ በር ላይ ያየው ሰው ለምን እንደመጣ አያውቅም።

በአካባቢያችሁ የቴራፒ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ካሉ፣ በአስተማሪ ክትትል የሚሠሩ ተማሪዎች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ተማሪ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ ከበስተጀርባው የሚያየው ሰው አለ።

ቦታውን ከሠፈር አርቁት። ታክሲ ሁለት ቢያስይዝም ጎረቤት የማይታይበት ይሻላል።

6. ባለሙያውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ

ስም ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉ። አሥር ደቂቃ ነው። የጠያቂውን ስምና ታሪክ አትንገሩ፤ «አንድ ሰው ልልክልዎት አስቤ ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

የት ተማሩ? የሙያ ፈቃድ አለዎት? (ፈቃዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። መጠየቁ ስድብ አይደለም።)

በብዛት የሚያዩት ምን ዓይነት ችግር ነው? የማያዩትስ?

በምን መንገድ ነው የሚሠሩት? ታካሚው ምን ይጠበቅበታል?

ምስጢር እስከ ምን ድረስ ነው? ለማን ይነገራል?

መድኃኒት ያስፈልገዋል ብለው ሲያስቡ ወደ ማን ነው የሚልኩት?

ዋጋ፣ ቀጠሮ የሰረዘ ምን ይከፍላል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሠራሉ?

መልሶቹን ስትሰሙ ሁለተኛውን በደንብ አዳምጡ። «ሁሉንም እሠራለሁ» ያለ ሰው ያስጠራጥራል። «ሱስ አላይም፣ ለዚያ እገሌ ይሻላል» ያለውን ግን መዝግቡት። ምስጢር ላይ ደግሞ ትክክለኛው መልስ «ለማንም አልናገርም» አይደለም። ታካሚው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል፣ ልጅ ሲጎዳ፣ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ይህን ቀድሞ የሚናገር ባለሙያ ሙያውን ያውቃል። «በስድስት ቀጠሮ አድንልሃለሁ» የሚል ካለ፣ የሌላ ታካሚን ታሪክ በምሳሌ እያነሣ የሚያወራ ካለ፣ ስሙን ከደብተራችሁ ሰርዙ።

የራሳችሁን የአጎት ልጅ አትላኩ። ባልና ሚስትን ለየብቻ ለሚታከሙበት ጉዳይ አንድ ባለሙያ ጋ አትላኩ። የሚጣሉ ሁለት ጓደኛሞችንም እንደዚሁ። እኛ አገር ሁሉም ሰው ከሁሉም ሰው ጋ የሚተዋወቅ ስለሚመስል ይህ ሕግ በየቀኑ ይጣሳል፤ ጣጣውም ብዙ ነው።

7. ሁለት ስም ስጡና ውጡ

አንድ ስም ስትሰጡ ጠያቂው ባይወደውም ለእናንተ ሲል ይቀጥላል። አምስት ስትሰጡ ሲያማርጥ ይከርማል። ሁለት ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ መስመር ጻፉ፦ «እሷ ታዳምጣለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። እሱ የቤት ሥራ ይሰጣል፣ ቅዳሜም ይሠራል።»

ስልኩን ራሱ ይደውል። መደወል ከከበደው ይህን የመሰለ መልእክት ጽፋችሁ ስጡት፤ የቀረው መቅዳት ብቻ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቀጠሮ ለመያዝ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣት አለብኝ። ከዚህ በፊት ታክሜ አላውቅም። ከሥራ በኋላ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ወይም ቅዳሜ ይመቸኛል። ዋጋውንና ቅርብ ያለውን ባዶ ሰዓት ቢነግሩኝ። አመሰግናለሁ።»

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። በቪዲዮ ከውጭ አገር ለሚታከም ሰው «በሀበሻ ሰዓት ወይስ በፈረንጅ?» የሚለው ካልተጻፈ ቀጠሮው ያልፋል። ዋሽንግተን ያለ ሰው በበጋቸው ወራት ከአዲስ አበባ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በክረምታቸው ስምንት።

በሳምንቱ «ደወልክ?» ብሎ አንዴ መጠየቅ ይፈቀዳል። ሁለተኛ ከጠየቃችሁ ይሸሻችኋል።

8. ውጭ አገር ላለ ሰው

አሜሪካ ውስጥ የቴራፒስት ፈቃድ በስቴት ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ታካሚው በዚያ ሰዓት ያለበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት የሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት አላት እንበል። ከአርሊንግተን ቢሮዋ ሆና በቪዲዮ ልታየው ብትል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለመሥራት ካልተፈቀደለት አይችልም ማለት ነው። ሳይኮሎጂስቶች በሌላ ስቴት እንዲሠሩ የሚፈቅድ የስቴቶች ስምምነት ቢኖርም ሁሉንም አይሸፍንም። ቀድማችሁ ጠይቁ። የፈቃዱን ትክክለኛነት በየስቴቱ የፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጎ ማየት ይቻላል፤ ነፃ ነው።

ኢንሹራንስ ያለው ሰው ከካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሎ አማርኛ የሚናገሩ ቴራፒስቶችን ዝርዝር ይጠይቅ። የሌለው «ስላይዲንግ ስኬል» ይበል፤ እንደ ገቢው የሚቀንስ ክፍያ ማለት ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኪሱ የሚከፍል ሰው የወጪ ግምቱን ቀድሞ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው።

አማርኛ የሚችል ካልተገኘ አስተርጓሚ ይጠየቅ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም በነፃ ማቅረብ አለበት፤ መሠረቱ የ1964 እ.ኤ.አ. የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅን ማስተርጎም ግን አይሆንም። ከድንገተኛ ጊዜ በቀር የፌዴራሉ የጤና ደንብም አይፈቅድም። እናት ስለ አባት የምትለውን የ12 ዓመት ልጅ ሲተረጉም አስቡት። አስተርጓሚው በስልክ ቢሆን፣ ከተቻለም ከሌላ ከተማ ቢሆን ይመረጣል። የታካሚው ስም እንዳይነገረው መጠየቅ ይቻላል።

እንግሊዝ ውስጥ ጂፒ (የሠፈር ጠቅላላ ሐኪም) ጋ የተመዘገበ ሰው የሐኪም ደብዳቤ ሳይጠብቅ ራሱን ለኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ (የመንግሥት የንግግር ሕክምና አገልግሎት) ማስመዝገብ ይችላል፤ አስተርጓሚውም ነፃ ነው። እስራኤል ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ጤና በየኩፓት ሆሊሙ (የጤና መድን ድርጅቱ) በኩል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። ወላጅ በአማርኛ፣ ልጅ በዕብራይስጥ በሚያወሩበት ቤት ለቤተሰብ ምክር ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ባለሙያ ከሌለ ጉዳዩ ግማሽ ይሆናል።

ዓረብ አገር ያለች እህት ጉዳይዋ የተለየ ነው። ስልኳ በአሠሪዋ እጅ ሊሆን ይችላል። ዕረፍቷ አርብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከተፈቀደላት። ሳዑዲ ከኢትዮጵያ ጋ አንድ ሰዓት ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ብዙዎቹ ቦቲም የተባለውን የጥሪ መተግበሪያ ይጠቀማሉ፤ ወይም የድምፅ መልእክት ይላላካሉ። ስለዚህ በአጭር ጥሪና በድምፅ መልእክት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ፈልጉላት። ተመልሳ ከመጣች፣ ከዓረብ አገር ተመላሽ ሴቶችን በመጠለያና በማገገሚያ የሚረዳውን አጋር ኢትዮጵያን አስቡ።

9. ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ

የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ምዝገባና ጥያቄ ነው፤ ሰውየው «ምንም አላደረገልኝም» ቢል አትደንግጡ። ሁለተኛው ላይ ይለማመዳል። ከሦስተኛው በኋላ ግን ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ምን እንደተወራ ግን አትጠይቁ።

እንደሚያከብርህና እንደሚያዳምጥህ ይሰማሃል? ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ተስማምታችኋል? የምትሠሩበት መንገድ ለአንተ ትርጉም ይሰጣል?

ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1979 እ.ኤ.አ. የታካሚና የባለሙያን ጥምረት በእነዚህ ሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል፦ ግንኙነቱ፣ ግቡና ሥራው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ይህ ጥምረት የጠነከረበት ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳለው ደጋግመው አሳይተዋል።

እኛ ላይ ያለው ችግር ይሉኝታ ነው። የማይስማማው ሰው አይናገርም። «ጥሩ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው» ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ በዛብኝ ይላል። ከዚያ ስልክ አያነሣም። ባለሙያውም የመዳን ምልክት ይመስለዋል። ስለዚህ «ጥሩ ናቸው» የሚለውን መልስ ብቻውን አትቀበሉ። «እንዴት ጥሩ ናቸው?» በሉ። ዝርዝር ከመጣ ደህና ነው። ዝም ካለ አልተስማማውም።

ካልተስማማው ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ለባለሙያው መንገር ነው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ዶክተር፣ ያለፉትን ጊዜያት ሳስብ ምክሩ ቸኩሎብኛል። መጀመሪያ ብናገር እፈልጋለሁ።» ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አይቀየምም፤ አሠራሩን ያስተካክላል። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሁለተኛውን ስም መደወል ነው። ለዚህ ፈቃድ የሚያገኘው ከእናንተ ነው፤ «እኔ አልቀየምም፣ እሳቸውም አይቀየሙም» በሉት። ይህችን ቃል ካልሰማ ለእናንተ ሲል ይቀጥላል ወይም ለእናንተ ሲል ይጠፋል።

መድኃኒት የጀመረ ሰው ላይ ግን «አልሠራልኝም» ሲል ቀኑን ጠይቁ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። በአምስተኛው ቀን ባለሙያ መቀየር አይጠቅምም፤ ለሐኪሙ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ንክኪ፣ ከቀጠሮ ውጭ እንገናኝ ማለት፣ ብር አበድረኝ ማለት፣ ምስጢር ማውጣት ከታየ ግን ሦስተኛ ቀጠሮ የለም። ወዲያው ይቁም። ጠያቂው ከፈቀደ ለባለሙያው ፈቃድ ለሰጠው አካል አቤቱታ ይቀርባል። እናንተም ሌላ ሰው ወደዚያ አትላኩ።

10. ደብተራችሁ

የባለሙያዎቹን ዝርዝር በስልክ ማስታወሻ ወይም በደብተር ያዙ። ከስማቸው ጎን ሙያቸውን፣ የሚያዩትን፣ የማያዩትን፣ ቋንቋቸውን፣ ዋጋቸውንና አዲስ ሰው እየተቀበሉ መሆናቸውን ጻፉ። በየስድስት ወሩ ደውላችሁ አድሱት፤ ሰዎች ሥራ ይቀይራሉ፣ አገር ይለቃሉ፣ ዋጋ ይጨምራሉ። ከባለሙያ ኮሚሽን አትቀበሉ። ቡና ቢጋብዟችሁ ግን ጠጡ።

የጠያቂዎቹን ስም ግን የትም አትጻፉ። ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ የተላላካችሁትንም መልእክት ከሁለቱም ስልክ ላይ አጥፉት።